ከእንፋሎቱ ጀርባ

መጀመሪያ ያየችው ካባውን ነበር፤ ሰውየውን ያየችው በኋላ ነው። ጫፉ በወርቃማ ክር የተዘመዘመ ወይን ጠጅ ካባ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን በር ገፍቶ ገባና ባንኮኒው ላይ ተዘረረ። ከሥሩም ፀጉሩ የተንጨባረረ ቀጭን ወጣት ብቅ አለ።

«ንጉሡ ትናንት ተገድሏል» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ነገ ደግሞ ከመገደሉ በፊት ደሙ መልቀቅ አለበት።»

ልጅቷ ካውያዋን አቁማ አስቀመጠችና የደሙን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀችው። ቀይ ቀለምና ስኳር ነበር።

«ንጉሣችሁ ስኳር አለበት» አለች።

«እንግዲያው መድኃኒቱን በሰዓቱ ካልዋጠ ዙፋኑን ለእኔ ይልቀቅ።»

ልትስቅ ጀምራ አቆመች። ስለ ስኳር በሽታ ባንኮኒ ላይ ቆሞ መቀለድ ይቻላል። የእሷን በሽታ ስም ግን በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

የሚጥል በሽታ የጀመራት ገና ተማሪ ሳለች ነው። ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ጧትና ማታ መዋጥ ከያዘች በኋላ መውደቁ ቀስ በቀስ ራቃት፤ በመጨረሻም ጭራሽ ተዋት። ዓመታት አለፉ፤ ጎረቤት ረሳው። እሷ ግን ልትረሳው አትችልም ነበር፤ ሌላው ሰው እንዲረሳ በየቀኑ የምትደክመው እሷው ናትና።

እናቷም አልረሳችም። የእናቷ ታናሽ እህት በዚሁ በሽታ በባሏ ዘመዶች ፊት ወድቃ፣ ብዙም ሳይቆይ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወች፤ ቆይታም መድኃኒቷን መዋጥ ተወች፤ በሽታውም ያንን ጠብቆ ወሰዳት። «ሰው ሲወድቅ የሚያነሳ አይጠፋም» ትል ነበር እናትየዋ፤ «ስም ሲወድቅ ነው የሚያነሳ የሚጠፋው።»

ወጣቱ ከመንገዱ ማዶ የሚገኘው ቴአትር ቤት የአልባሳት ኃላፊ ነበር። ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልብስ ተሸክሞ ስለሚታይ ባልደረቦቹ «ካባው» ይሉታል፤ በዚያ ቤትም ስሙ ካባው ሆኖ ቀረ። የንጉሡ ደም በየሳምንቱ ይፈስሳልና በየሳምንቱ ይመጣል። ቀስ በቀስም ደም የሌለበትን ልብስ ይዞ መምጣት ጀመረ።

«ይኼኮ ንጹሕ ነው» አለችው አንድ ቀን የአንዲት ልዕልት ቀሚስ እያገላበጠች።

«ልዕልቲቱ አታምንም። ተጠራጣሪ ናት።»

እሱም እሷን «ተኳሿ» ይላት ነበር፤ ጦር ሜዳ ሳትረግጥ ስንቱን እንደተኮሰች እየቆጠረ ያሾፍባታል። እሷ ስትተኩስ የልብሱን እጅጌ በማዶ በኩል ወጥሮ ይይዝላታል። ካውያው በተጫነ ቁጥር እንፋሎቱ በመካከላቸው ተነሥቶ ፊታቸውን ይጋርዳል፤ ሲገለጥም ዓይኖቻቸው ቀድመው የተቀጣጠሩ ያህል ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ እጅጌው ተተኩሶ ካለቀ በኋላም ሳይለቀው ቆሞ ቀረ፤ እሷም ልቀቀው አላለችውም።

እናትና ልጅ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። የክኒኑ ብልቃጥ የልጅቷ ስምና የሐኪም ቤቱ ወረቀት ተለጥፎበት ከአልጋዋ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ካባው ከባድ የልብስ ጆንያ ሊያግዝ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ጆንያውን አስቀምጦ ቀና ሲልም ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ምናልባትም ምንም አላነበበም። እናትየዋ ግን የዚያኑ ዕለት ክኒኖቹን የሸሚዝ ቁልፎች በሚጠራቀሙበት ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጠቻቸው፤ ብልቃጡን ጣለች፤ ቆርቆሮውንም ውኃ ከሚያፈላው ቦይለር ጀርባ፣ ቧንቧው ላይ አስቀመጠችው። ዘመድም ደንበኛም እጁን የማይሰድበት ቦታ ያ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ለምን አንነግረውም?» አለች ልጅቷ።

«ትነግሪዋለሽ። አንዴ ይውደድሽና።»

«ወዶኛልኮ።»

«ገና በደንብ ይውደድሽ።»

ልጅቷ አጥብቃ አልተከራከረችም። እናቷን ልትወቅስ አትችልም፤ ፍርሃቱ የሁለታቸውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ ከቦይለሩ ጀርባ ገብታ፣ ላብ ባረጠበው ጣቷ ከቁልፎቹ መሐል ክኒኗን ፈልጋ ትውጣለች። ክኒኖቹ መጠንከራቸውን፣ ጥርሷን ሲነኩ እንደ ጠጠር መሆናቸውን አስተውላለች። ግን መድኃኒት መድኃኒት ነው ብላ ዋጠችው።

የዝናቡ ወቅት ሲያበቃ ካባው አባቱን ይዞ ሊመጣ እንደሚፈልግ ነገራት። አባቱ ቃል የማያባክኑ፣ አንድያ ልጃቸውን ያለ እናት ያሳደጉ ሰው እንደሆኑ፣ የልጅ ልጅ ለማየት እንደሚጓጉም ነገራት። እሺ ለማለት አፏን ስትከፍት እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ ቆማ እንደምትሰማ አወቀች። እሺ አለችው። የቀረውን ግን ሳትነግረው ቀረች።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ የንጉሡን ካባ እየተኮሰች ሳለ ወደቀች።

ስትነቃ ራሷ በተጣጠፈ ፎጣ ላይ፣ ሰውነቷ በጎኑ ተጋድሟል። ክንዷ ካውያው የነካበት ቦታ ይለበልባል። የሱቁ በር ተዘግቷል። የንጉሡ ካባ ትከሻው የካውያውን ቅርጽ ይዞ ጠቁሯል። እናቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እንደ ድሮው ሁሉ ጀርባዋን እያሻሸች፣ ስሟን ደጋግማ ትጠራለች።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ደገማት።

«ያ ልጅ ከመጣ ወዲህ ነው» አለች እናቷ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ሐዘን ብቻ ነበረበት። «ሳቅሽም ሐሳብሽም ልክ አልሆነም። ልብሽ ከአቅሟ በላይ ተሸክማ ነው የጣለችሽ።»

ልጅቷ ይህን ለመካድ ሞከረች፤ ግን ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። እሱ ሳይመጣ ደህና ነበረች። እሱ መጣ፤ ወደቀች። ክኒኗን አንድም ቀን አላጎደለችም። ታዲያ የተለወጠው ሌላ ምን አለ? ነገ ደግሞ በአባቱ ፊት ብትወድቅስ? የአክስቷ ሻንጣ በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት።

ካባው የንጉሡን ልብስ ሊወስድ ሲመጣ የተቃጠለውን ትከሻ አሳየችውና ይቅርታ ጠየቀች። እሱ ግን የሚያየው ክንዷ ላይ የታሰረውን ፋሻ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ካውያ ነው። ያጋጥማል።»

«ካባው ይቃጠል፤ አንቺ ግን...»

«ከእንግዲህ ሌላ ማጠቢያ ቤት ብትፈልግ ይሻላል» አለችው ባንኮኒውን እያየች። «አባትህንም አታምጣቸው።»

ዓይኑን ከፋሻው አነሣ። ከጀርባቸው ቦይለሩ ያፏጫል።

«አጠፋሁ?»

«አላጠፋህም።»

«እሺ ምን አድርጌ ነው? ንገሪኝና ልሂድ።»

የተቃጠለውን ልብስ በባንኮኒው ላይ ወደ እሱ ገፋችለት። ካባውን አንሥቶ ክንዱ ላይ አጠፈው፤ እንደ ቀድሞው አልተሸከመውም። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ወደ ጀርባ ክፍል ገባች፤ ጊዜውም ደርሶ ነበርና ከቁልፎቹ መሐል ክኒኗን ፈልጋ ዋጠች።

እናትና ልጅ ሐኪም ቤት ሄደው ወረፋቸው ሲደርስ ሐኪሟ ልጅቷ የምትፈራውን ጥያቄ ጠየቀች፤ መድኃኒቱን ያቋረጠችበት ቀን እንዳለ። ልጅቷ አንድም ቀን እንዳላጎደለች ተናገረች። እናቷም ምስክር ሆነች። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው።

«በደምሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት በጣም ትንሽ ነው» አለች። «እንደማይወስድ ሰው ነው።»

ልጅቷ ዕንባዋ መጣ። የገዛ ደሟ ውሸታም ብሏታል። «እውጣለሁ» አለች። «እማዬ፣ ንገሪያት። እያየሽኝ እውጣለሁ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። መጠኑን ከመጨመሯ በፊት የምትወስደውን ክኒን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። እናትየዋ ከቦርሳዋ ቆርቆሮውን አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሐኪሟ ከውስጡ አንዱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ አራት ቀዳዳዎች ያሉት የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። መለሰችውና ሌላ አነሣች። በጥፍሯ ልትሰብረው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

ያን ጊዜ ሁለት ብርጭቆ ውኃ አስመጣች። በአንደኛው ከመድኃኒት ክፍሉ የመጣ አዲስ ክኒን፣ በሌላኛው የቆርቆሮውን ክኒን ጨመረች። ሦስቱም ሴቶች ብርጭቆዎቹን ተመለከቱ። አዲሱ ክኒን ጠርዙ ላላ፣ አበጠ፣ ከዚያም ፈርሶ ውኃውን አደፈረሰው። የቆርቆሮው ክኒን ከብርጭቆው ሥር ተቀምጧል፤ ውኃው እንደ ጠራ ነው።

«የት ነበር የምታስቀምጡት?»

እናትየዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ከቦይለሩ ጀርባ። ቧንቧው ላይ።»

«እንፋሎት ባለበት?»

«ሰው በማያይበት» አለች እናት።

ሐኪሟ ለአፍታ ጎንበስ አለች። ከዚያም ይህ ዓይነቱ ክኒን እርጥበት ሲጠጣ እንደሚጠጥር፣ የጠጠረውም በሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ሊያልፍ እንደሚችል አስረዳች። መድኃኒቱ ከመጣበት ብልቃጥ መውጣት የለበትም፤ ክዳኑ ተከድኖ ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። አዲሱን በምትነግራት መሠረት ቀስ በቀስ ትጀምራለች፤ በራሷ ሐሳብ መጨመርም ማቋረጥም አይቻልም።

«የወደቅሽው በድክመትሽ አይደለም» አለቻት። «በደስታሽም አይደለም። ደግሞ አንድ ቀን ለማግባት ስታስቢ፣ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ሁለታችሁም ኑ። መድኃኒቱን ቀድመን እናስተካክላለን። ብዙዎች ይወልዳሉ፤ ያሳድጋሉ።»

እናትና ልጅ እርስ በርስ ሳይተያዩ ወጡ። ከሐኪም ቤቱ አጥር ውጪ፣ አውቶቡስ በሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ እናትየዋ ቁልፎቹ ብቻ የቀሩበትን ቆርቆሮ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታንኳኳለች።

«እኔ ነኝ የጣልኩሽ» አለች።

«ሁለታችንም ነን የደበቅነው፣ እማዬ።»

«አንቺማ ልጅ ነሽ። እኔ ግን እህቴን ቀብሬ መማር ነበረብኝ። የተማርኩት መደበቅ ሆነ።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። አውቶቡሱ መጥቶ ሲያልፍም አልተነሡም።

ወደ ቴአትር ቤቱ የሄደችው በማግስቱ ነው። በመድረኩ ላይ ተዋንያን ልምምድ ይዘዋል፤ ካባው በአልባሳት ክፍሉ፣ በተሰቀሉ ቀሚሶችና ካፖርቶች መሐል ተቀምጦ የንጉሡን የተቃጠለ ትከሻ ይጥፋል። አያት፤ መርፌውን ግን አላስቀመጠም።

ቆማ ነገረችው። ስለ ተማሪነቷ፣ ስለ አክስቷ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ብርጭቆው ውኃ፤ ክንዷ እንዴት እንደተቃጠለ፣ እናቷም መውደቋን ከእሱ መምጣት ጋር እንዳያያዘችው ነገረችው። በሽታውንም በስሙ ጠራችው። ስትጨርስ ከመድረኩ የንጉሡ ጩኸት ይሰማል፤ እየገደሉት ነው።

ካባው ክሩን ቋጥሮ በጥርሱ በጠሰው።

«ስለዚህ በሽታሽ እኔ ነኝ ተብሎ ነው የተባረርኩት» አለ።

«አዎ።»

«አንቺም አመንሽው።»

«አመንኩት።»

ፊቱን አዞረ። ሲናገር ቀስ ብሎ ነበር፤ ቃሉን አንድ በአንድ የሚሰፋ ይመስላል። «አልፈራም ብዬ አልዋሽሽም። የማላውቀውን ነገር እፈራለሁ። ያሳዘነኝ ግን እሱ አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ እጅጌ ወጥሬ ፊት ለፊትሽ ቆሜ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ብቻ ሳይሽ መኖሬ ነው።»

ልጅቷ ልትሄድ ዞረች። እስከ በሩ ድረስ ሄዳለች።

«ብትወድቂ ምን ላድርግ?» አላት።

ዞር ብላ አየችው። መርፌውን አስቀምጦ ነበር።

«ምንም» አለች። «ማለቴ፣ ብዙ አይደለም። በጎኔ ታስተኛኛለህ። የሚያቆስለኝን ነገር ታርቃለህ። አፌ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትከትም፤ በጉልበትም አትይዘኝም። እስክነቃ አጠገቤ ትቆያለህ። ቶሎ ካልለቀቀኝ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሐኪም ትጠራለህ።»

«ከራስሽ ሥርስ?»

«ለስለስ ያለ ነገር።»

ጭኑ ላይ ያለውን ካባ አጥፎ አሳያት። «ይህ ይሆናል?»

«የንጉሥ ካባ ይበዛብኛል።»

«አይበዛብሽም። እሱም በየሳምንቱ ይወድቃል» አለ ካባው፤ «በማግስቱ ግን ይነሣል።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ፤ አላቀፋትም፤ ፋሻው ባለበት ክንዷ ሥር መዳፉን ብቻ አኖረ፤ እጅጌ የሚይዝ ይመስል ነበር። ስለ አባቱ ጠየቀችው። ምንም እንደማይነግራቸው መለሰላት፤ መደበቁ እንዳይደለ፣ ነገሩ የእሷ ስለሆነ ከእሷ አፍ ሊሰሙት እንደሚገባ ነገራት። አባቱ ምን እንደሚሉ ግን እሱም አያውቅም። «እምቢ ቢሉም እኔ አለሁ» አላት። «ግን እምቢ እንዳይሉ እፈልጋለሁ። ከእሳቸው ሌላ ሰው የለኝም።»

አባትየው የመጡት በዓል ባልሆነ በአንድ ቀን፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ ፀሐይ ከመስኮቱ ሳትወርድ ነበር። ኮታቸውን ልጃቸው እንደተኮሰላቸው ያስታውቃል። ጠንካራ ወንበር መርጠው ተቀመጡ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልብስ ሥራ፣ ስለ ቦይለሩ ዕድሜ ጥቂት ጠየቁ። እናትየዋ መልስ ስትሰጥ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይመላለሳል።

የልጅቷ ስምና የሐኪም ቤቱ ወረቀት የተለጠፈበት አዲሱ ብልቃጥ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ በውኃው ጆግና በአበባ ማስቀመጫው መካከል ተቀምጧል። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት እናትየዋ ሁለት ጊዜ አንሥታው፣ ሁለት ጊዜ መልሳ አስቀምጣዋለች።

«እንግዲህ» አሉ አባትየው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ «የመጣሁበትን ልናገር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እናትየዋ። እጇ ወደ ብልቃጡ ተዘረጋ።

ልጅቷ አየቻት። ካባውም አየ። የእናትየዋ ጣቶች ብልቃጡ ላይ አርፈው ቆዩ፤ ወደ ጆጉ ጀርባ ልታንሸራትተው ትችል ነበር፤ ማንም ምንም አይላትም። ግን አንሥታ ክዳኑን ከፈተችው፤ በልጇ መዳፍ ላይም አንድ ክኒን አኖረች።

«ሰዓትሽ ደርሷል» አለች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ይሰማል። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች። «ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች። ልጄም በአፏ ልትነግርዎት ነበር፤ እኔ ቀደምኳት፤ ብዙ ዘመን አስዘግይቻታለሁና።»

የቀዘቀዘው ቦይለር ከግድግዳው ወዲያ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ። ልጅቷ ክኒኑ መዳፏ ላይ እንዳለ፣ የአባትየውን ፊት እያየች ተቀመጠች። ፊታቸው አይነበብም። ልጃቸውን ተመለከቱ፤ ልጃቸውም ዓይኑን አላነሣም፤ ግን ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ነበር።

«አንተ ታውቃለህ?» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ብትወድቅ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ?»

«አስተምራኛለች።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎንታ ይሁን ሐሳብ አይለይም። ክንዳቸውን ዘርግተው ጆጉን አነሡ፤ ውኃውን እስከ ብርጭቆው አፍ ሞልተው ወደ ልጅቷ አስጠጉላት።

«ዋጪ፣ ልጄ» አሉ። «መድኃኒቱ ይቅደም። እኔ የመጣሁበት ነገር እስክትጨርሺ ይቆያል።»